ከእሜቴ ጥሩነሽ ገብስ በላይ የሠራነው መንገድ

ሥራ የገባሁ ዕለት የራሴን ዶማ ተሸክሜ ነው የሄድኩት። ካቦ ፈንቴ፣ የቁፋሮው ቡድን አለቃ፣ ከሩቅ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ዶማ ከፓርኩ ይሰጣል፤ ይሄን ምን ሊያደርግልዎት አመጡት?» አለኝ።

«እጄ የለመደው እሱን ነው» አልኩት።

«እንግዲያውስ ሁለታችሁንም ቀጥረናል» ብሎ ሳቀና ከሰዎቹ መሀል ቦታ ሰጠኝ።

እኔ ገበሬ ነበርኩ። መሬቴን ለልጆቼ አካፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ጠዋት ስነሳ የምሄድበት አልነበረኝም። ትምህርቴም «ይግዛው» ብዬ ስሜን ጽፌ ለመፈረም ያህል ነው። በዚያ ዕድሜ «ና፣ ቆፍር» የሚል ሰው ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ካቦ ፈንቴን እስካሁን አመሰግነዋለሁ።

ፓርኩ ከአማኑኤል ከተማ ወደ ላይ፣ ወደ ተራራው ሲወጡ ያለው ነው። ጓሳ ሣሩና አስታ ቁጥቋጦው የሚጀምርበት ብርድ አገር። ሥራችን የተራራ ብስክሌት የሚሄድበት መንገድ ማውጣት ነበር። እኔ ብስክሌት የማውቀው ደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ ነው። ፈረስ እንኳ ቆሞ በሚተነፍስበት ዳገት ብስክሌት ምን ይሠራል ብዬ ካቦውን ብጠይቀው፣ «ሲወርድ ያዩታል» አለኝ።

መንገዱን የቀየሰችውና እኛን ያሠለጠነችው ትርሲት ናት። የመጨረሻ ልጄን የምታህል ልጅ ናት፤ ጉልበቷ ላይ የመውደቅ ጠባሳ አለባት። ችካል መትታ፣ ገመድ ወጥራ፣ ውሃ ልኩን መንገዱ ላይ አጋድማ ታሳየናለች። በውሃ ልኩ ብርጭቆ ውስጥ ያለችው አረፋ ወደ ተራራው በኩል ትንሽ መሸሽ አለባት። መንገዱ ወደ ቁልቁለቱ ያጋደለ ነው ማለት ነው።

«ውሃ እንደመጣ ይለፍ» ትላለች። «መንገዱ ላይ አታሳድሩት።»

እሺ አልን። ሆዳችን ግን አልተቀበለውም። በእኛ አገር ውሃህን ወደ ሰው እርሻ መልቀቅ ሽማግሌ ፊት የሚያቀርብ ነገር ነው። በፈሰስ፣ ማለት ትርፉን ውሃ ከእርሻ ለማስወጣት በሚቀደደው ቦይ፣ ስንት ወንድማማች ተኳርፏል። ደግሞም ዕድሜያችንን ሙሉ እርከን ስንሠራ የተማርነው ውሃን መያዝ ነው።

ከመንገዱ በታች፣ ልክ ከፓርኩ ወሰን ላይ፣ የእሜቴ ጥሩነሽ ገብስ አለ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ከዚያች እርሻ ሌላ የላቸውም። መቆፈር የጀመርን ዕለት በትራቸውን ይዘው መጡ።

«እናንተ ሰዎች፣ ይሄ ሁሉ ቁፋሮ ለሁለት ጎማ ነው?»

«አዎ፣ እሜቴ» አለ ካቦ ፈንቴ።

«ጎማችሁ እንደፈለገ ይሂድ። ውሃ ብታወርዱብኝ ግን ወዮላችሁ። ዓመቱን የምከርመው በዚች ገብስ ነው።»

«ሚካኤልን! ጠብታ አይነካዎትም!»

በግንቦት ትርሲት በተራራው ማዶ ሌላ መንገድ ልትቀይስ ሄደች። ከእሜቴ ጥሩነሽ እርሻ በላይ ያለውን ቁራጭ የሠራነው እሷ ሳትኖር ነው። ካቦ ፈንቴ ቁልቁል ገብሱን አየ፤ እኛንም አየን።

«ትርሲት ያለችው ለሌላው ቦታ ይሁን። እዚህ ከታች ሰው አለ» አለ።

ሁላችንም ተስማማን። መንገዱን ወደ ተራራው በኩል አጋደልነው፤ በውስጥ በኩልም ቦይ ቀደድንለት። የወረደው ውሃ ሁሉ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ራቅ ብሎ ወዳለው ሸለቆ እንዲሄድ ነው። ሲያልቅ እርከን መሰለ። ዞር ብለን እያየነው፣ እንዴት ያምራል ተባባልን።

ሰኔ ሚካኤል ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡ ከበረዶ ጋር ነው የወረደው። ቆይቶ አንዲት ሴት እየጮኸች ከላይ መጣች፤ የእሜቴ ጥሩነሽ ጎረቤት ናት። መንገዱ ፈርሷል፣ ውሃው ገብሱን እየገመሰው ነው አለች።

ሮጠን ደረስን። በረዶው ቦዩን ደፍኖት፣ ውሃው እንደ ኩሬ ተጠራቅሞ ኖሯል። ከዚያ ሁሉ መንገድ የተሰበሰበው በአንድ ቦታ በርቅሶ ወጥቷል። ቡቃያውን መሀል ለመሀል እየሰነጠቀው ይወርዳል።

የፓርኩ እቃ ቤት ቅርብ ነው፤ ዶማም አካፋም አለ። ግን የሚካኤል ቀን ነው። በበዓል ቀን ብረት አፈር አይነካም። ሰው ሁሉ ካቦ ፈንቴን አየ። እሱ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረ።

«ዶማ አላልኩም» አለ። «እጅ ግን ማን ከለከለ?»

ጭቃው ውስጥ ገባን። በበዓል ልብሳችን ሣር ያለበትን አፈር በእጃችን እየነቀልን፣ ድንጋይ እያንከባለልን በርቅሶ የወጣውን ቦታ ደፈንን። በሌላ በኩል በረዶውን በእፍኛችን እየዛቅን ቦዩን ከፈትን። ውሃው ሲዞር ካቦ ፈንቴን ያየ ሰው ከቦይ የወጣ እንጂ ከቅዳሴ የወጣ አይለውም ነበር።

እሜቴ ጥሩነሽ ከእርሻው ዳር ቆመዋል። «ሚካኤልን ብለህ ምለህልኝ ነበር» አሉት።

«ምዬ ነበር፣ እሜቴ» አለ።

በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። እሜቴ ጥሩነሽ ነገር አላበዙም፤ «መንገዱን ድፈኑልኝ» ብቻ አሉ። ያ ቁራጭ ከተደፈነ ላይኛውና ታችኛው መንገድ አይገናኝም፤ ሥራውም ያበቃል። እኔም ጠዋት ተነስቼ ወደማልሄድበት ቤቴ እመለሳለሁ። እሳቸው ደግሞ እውነታቸውን ነው። ሁለቱንም እያሰብኩ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ትርሲት ተደውሎላት መጣች። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት።

«ወደ ውስጥ ያጋደለው ማን ነው?»

«እኛ ነን» አለ ካቦ ፈንቴ። «ውሃ ወደ ሰው እርሻ መልቀቅ ነውር ነው ብለን ነው።»

«ጋሽ ፈንቴ፣ ሁሉንም ሰብስባችሁ በአንዴ ለቀቃችሁባቸው እኮ!» አለች። ልትቆጣ ጀምራ ሳቋ መጣ። ቀጥላም፣ «ጥፋቱ የእኔም ነው። ወደ ውጭ አጋድሉ አልኩ እንጂ ለምን እንደሆነ አላሳየኋችሁም» አለች።

ጄሪካን አስመጣች። በሽማግሌዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ባጋደለው ላይ ውሃ አፈሰሰች፤ ተሰብስቦ ሮጠ። ትንሽ ቦታ ወደ ውጭ አስተካክላ ደግሞ አፈሰሰች። ውሃው በመንገዱ ጠርዝ በሰፊው ወርዶ ሣሩ ውስጥ ጠፋ።

እሜቴ ጥሩነሽ፣ «በጄሪካንማ ማንም ያሳምራል። ሐምሌ ሲመጣ ነው የምናየው» አሉ።

ሽማግሌዎቹም በዚሁ ቆረጡት። መንገዱ ይስተካከል፤ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ እርሻው ከተነካ ይደፈን፤ እስከዚያ ብስክሌት እንዳያልፍበት።

ቦዩን በአፈር ሞልተን፣ መንገዱን እንደገና ወደ ውጭ አጋደልነው። በመንገዱና በእርሻው መሀል ጓሳ ተከልን። የተጎዳውንም ቡቃያ ቦታ በደቦ ገልብጠን እንደገና ዘራንላቸው። ያን ጊዜ ግን ዞር ብሎ «ያምራል» ያለ ሰው የለም።

ሐምሌ ገብቶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተራራው ጠቆረ። ማንም ሳይጠራን ሁላችንም ወጣን። እሜቴ ጥሩነሽ ከሣር የተሠራ የዝናብ ገሳቸውን ለብሰው ቀድመውናል። ዝናቡ ሲወርድ ከእርሻው ራስ ላይ ተሰልፈን ቆምን። ትርሲት ጥፍሯን ትበላለች፤ ካቦ ፈንቴ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል ባይሰማም ወደ ማን እንደሆነ እናውቃለን።

ውሃው በመንገዱ ጠርዝ ሁሉ ስስ ሆኖ ወረደ። ጓሳው ውስጥ ገባ። ከጓሳው በታች ሲወጣ ሊያዩት የሚያስቸግር ነው።

እሜቴ ጥሩነሽ ጎንበስ ብለው የእርሻቸውን አፈር በእጃቸው ነኩ። ረጅም ጊዜ ነኩት።

«ይሄማ ጤዛ ነው» አሉ።

ካቦ ፈንቴ ፊቱን አዞረ። ትርሲት ግን ሄዳ እንደረጠበች አቀፈቻቸው፤ ገሳው ወጋት መሰለኝ «ውይ!» ስትል ሰማሁ።

ክረምቱ ሲወጣ በመንገዱ መጀመሪያ በብስክሌት የወረደችው ትርሲት ናት። እሜቴ ጥሩነሽ ብስክሌቱንና ያስነሳችውን አቧራ እያዩ፣ «አንተ ይግዛው፣ ትሞክራለህ?» አሉኝ። «ዶማዬ እምቢ ትለኛለች» አልኳቸው።

ዛሬ ጉልበቴ ስለደከመ ሥራውን ትቻለሁ። መንገዱ አለ፤ ገብሱም ከሥሩ በየዓመቱ ይዘራል። በስተርጅና ሥራ ስለሰጠኝ ሰው፣ ስላስተማረችኝ ልጅ፣ ስለእኚያም ሴት ትዕግሥት ፈጣሪን አመሰግናለሁ።

አሁን በየተራራው እንዲህ ያለ መንገድ ለምትቆፍሩ የምለው ይህን ነው። ውሃን አትሰብስቡት፤ በስሱ አሳልፉት። ዝናብ ሲመጣ ከሥራችሁ በታች ከሚኖረው ሰው ጋር አብራችሁ ቁሙ።