የዋጥናት እልልታ

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ላይ የልጅ ልጄ ልጁን ክርስትና ሲያስነሣ፣ እልልታዬን አላቆም ብዬ ሰው አሳቅሁ። ካህኑ ሕፃኗን ከውኃው አውጥተው ለክርስትና እናቷ ሲያስታቅፉ ሴቶቹ እልል ብለው ጨረሱ፤ እኔ ግን ትንፋሼ ሲያጥረኝ አረፍ እያልሁ እንደገና ቀጠልሁ። አጠገቤ የቆመችው ልጄ፣ እሷም ዛሬ አያት ሆናለች፣ ነጠላዬን ጎተት አድርጋ «እማዬ፣ በቃ እንጂ! ሰው እያየሽ ነው» አለችኝ። የራሷን ክርስትና እያከበርሁላት እንደነበር ከየት ታውቀዋለች?

እሷን የወለድሁት ጣልያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ነው። ቤታችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ባሌ ጫካ ገብቷል። የጣልያን ወታደሮች ከቤተ ክርስቲያናችን ቅጽር ስለ ሰፈሩ፣ ቄስ ተገኘ ታቦቱን ይዘው ከጥቂት ካህናት ጋር ገደል ውስጥ ካለ ዋሻ ተሸሽገዋል። ባሌ ሊሄድ ሲል ስፍራውን በጆሮዬ ነገረኝና «የነፍስ ነገር ካልሆነ እንዳትሄጂ፤ ለእናትሽም ቢሆን እንዳታወሪ» ብሎ አስማለኝ።

ሐምሌ ነበር። በእኛ አገር በሐምሌ ጉሙ ከደጃፍ አይነሣም፤ እንጨቱም ይጨሳል እንጂ አይነድም። ልጂቱን ገና ወር ሳይሞላት ሳል ያዛት። ጡት መሳብ ተወች፣ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ማልቀስም አቃታት። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያ ደግሞ ከመስከረም ወዲህ አይደርስም። ያስጨነቀኝ ሞቷ ብቻ አልነበረም። ሳትጠመቅ፣ ፍትሐት ሳይደረግላት፣ ከጓሮ ልቀብራት ነው እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ። ያን ጊዜ እግዚአብሔርን የማውቀው በመፍራት ብቻ ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ልጄን በአንቀልባ አዝዬ፣ ባና ደርቤ፣ ጥቂት የገብስ ቆሎ ቋጥሬ ወጣሁ። ጭቃው እግሬን እየያዘ አላስኬድ አለኝ። ከወንዙ መሻገሪያ ስደርስ አንዲት ሴት ከኋላዬ ጠራችኝ። ዞር ስል እትዬ አንጓች ናቸው። ልጄን በባናው ሸፈን አደረግሁ። እትዬ አንጓች ለጣልያን የገባው የጭቃ ሹማችን ሚስት ነበሩ።

«ወዴት ነው አንች፣ አራስ ሆነሽ?»

«እናቴ ዘንድ።»

«የእናትሽ ቤት በዚህ ነው እንዴ?» አሉና የልጂቱን ፊት ገለጥ አድርገው አዩ። «አምጫት፣ እኔ ልያዛት። አንች አቅም የለሽም።»

ብመለስ ልጄ ትሞታለች፤ ብቀጥል ታቦቱንም ካህናቱንም ለጣልያን ማሳየቴ ነው። እንቢ ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ሰጠኋቸው። ልጄን ታቅፈው ከፊቴ ሲሄዱ፣ መንገድ የሳትሁ መስዬ፣ ከዋሻው ላርቃቸው ወደ ግራ ታጠፍሁ። «በዚያስ ገደል ነው፤ በዚህ ነይ» አሉኝ። ከድንጋጤዬ የተነሣ ይህን ከየት አወቁት ብዬ እንኳ አላሰብሁም።

ቄስ ተገኘ ከዋሻው አፍ ላይ ቆመው ነበር። ዐይናቸው ያረፈው እትዬ አንጓች ላይ ነው።

«አንጓች፣ ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽ? የመገበሪያው ስንዴ ገና አላለቀም እኮ!»

ለካ ለቅዳሴ የሚሆነውን ስንዴ ከባላቸው ጎተራ እየሰፈሩ የሚያመላልሱት እሳቸው ኖረዋል።

«አባቴ፣ ቀኗ አልሞላም» አልሁ እያለቀስሁ። «እኔም ከአራስነቴ አልነጻሁም። እግዚአብሔር አይቆጣኝም?»

«ለምትሞት ልጅ ቀን አይጠበቅም፤ ሥርዓቱም ይኸው ነው» አሉ ቄስ ተገኘ። «እሱ ከአንች ይልቅ ይወዳታል። አንች ከውጭ ቆይ። የክርስትና እናቷ ማን ናት?»

ጉድ ሆንሁ! በጭንቀቴ የክርስትና እናት ሳልይዝ መጥቻለሁ። እትዬ አንጓች አንገታቸውን ደፉ። የባንዳ ሚስት እየተባሉ አገር ስለሚሸሻቸው፣ ማንም አበልጅ ሁኚኝ ብሏቸው አያውቅም።

«እትዬ አንጓች ናቸው» አልሁ።

የዋሻው አፍ ወደ ምዕራብ ነው። ሰይጣን የሚካደው ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለሆነ፣ እትዬ አንጓች ስለ ልጄ ሲክዱ ፊታቸው ወደ እኔ ነበር። ዝናብ ላይ ቆሜ እንባቸው ሲወርድ አየሁ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሩ። ውኃው ሲነካት ልጄ ስንት ቀን የናፈቅሁትን ለቅሶ አለቀሰች። ወለተ ማርያም ተባለች። ቄስ ተገኘም ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዝዘው ማተብ አሰሩላት።

በደጉ ጊዜ ቢሆን እልል ይባል ነበር። ነገር ግን ድምፃችን ከገደሉ በላይ ቢሰማስ? እትዬ አንጓች የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ጎረሱ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔም ባናዬን ነክሼ እልልታዬን ዋጥሁ። እየፈራሁ ደስ አለኝ፤ እንዲያ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም። ቀንሽ አልደረሰም፣ ሂጂ ይለኛል ያልሁት አምላክ ዋሻ ውስጥ ሆኖ ሲጠብቀኝ ነበር።

ስንመለስ ከወንዙ ዳር ተቀምጠን ቆሎዬን ተካፈልን። «ጣልያን ሲወጣ፣ አበልጄ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመን እልል እንላለን» አሉኝ።

ልጄ ዳነች። እትዬ አንጓች ግን ጣልያን ሳይወጣ ታመው ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይ የቆመውም ሰው ጥቂት ነበር።

እሑድ ዕለት ልጄ ነጠላዬን ስትጎትተኝ የራሴን ጨርሼ ነበር። የእትዬ አንጓችን ገና መጀመሬ ነው።