የሙሄ መርጃን

በአሊዩ አምባ ገበያ መርጃን የሚባለውን ቀይ የባሕር ዶቃ የሚገዛ ሰው ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሙሄን ይፈልግ ነበር። ሙሄ ቀዩን ዶቃ ምላሱ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ይቆያል። «የባሕር ነው» ካለ የባሕር ነው፤ «ጠርሙስ ነው» ካለ ሻጩ ጓዙን ይጠቀልላል። ባሕር የሚባለውን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ይህን የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም።

ጣሊያን ገብቶ የመኪናው መንገድ በጣርማ በር ሲወርድ ገበያተኛው ወደ ሸዋ ሮቢት ሸሸ። የሙሄ ሟች እህት ልጅ ፈሪሃ የታጨችውም በዚያው ሰሞን ነው። ቤተሰቧ ሸዋ ሮቢት ካለ የጣሊያን ሱቅ ለሠርጓ አንድ ክር መርጃን ገዝቶላት ሳለ ሙሄ በሽማግሌዎቹ ፊት ተነሣና፣ «የእህቴ ልጅ የጣሊያን ዕቃ አንገቷ ላይ አታስርም። መልሺው። ከራሳችን ባሕር በእጄ ሰብሬ አመጣልሻለሁ» አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ልጅቱ አጎቷን አምና መለሰችው።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሙሄ በጫኝነት ተቀጥሮ በጭነት መኪና አሰብ ወረደ። እዚያ አንድ ዓፋር ዓሣ አጥማጅ በአረብኛ ተግባብቶ በታንኳው ወደ ባሕሩ ወሰደው። ባሕሩ ጎድሎ ውሃው ሲሸሽ ድንጋዩ ላይ ቅርንጫፍ ያወጣ ነገር በየዓይነቱ ታየ፤ ቡናማው፣ አረንጓዴው፣ ቢጫው። ቀይ ግን አንድም የለም። ዓሣ አጥማጁ «የትኛውን ነው የምትፈልገው?» ቢለው ሙሄ አላውቅም ማለት ሞት መሰለው። ጫፉ ነጣ ያለ ለስላሳ ቢጫ ቅርንጫፍ ሰበረና፣ እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኖ ምላሱ ላይ አሳረፈው።

ፍም የላሰ ያህል ነደደው። ከንፈሩም ወዲያው አበጠ። ዓሣ አጥማጁ እስኪበቃው ሳቀና ሌላ ቅርንጫፍ አቀበለው።

«ይኸን ዳብሰው፤ ይሻክራል። ዙሪያውን ጥቃቅን ስኒ የመሰለ ቀዳዳ አለው። መርጃን ይኸ ነው። ያንተው ልሙጥ ነው፤ እኛ እሳት እንለዋለን።»

«ቀዩስ? ሙሽሮች የሚያስሩት?» አለ ሙሄ እየተኮላተፈ።

«እሱማ እዚህ አይበቅልም። ድሮም ነጋዴ ነው የሚያመጣው፤ ከጣሊያኖቹ ባሕር።»

ሙሄ አፈረ። ዕድሜውን ሙሉ ከራሳችን ባሕር የወጣ መስሎት ያጸደቀው ዶቃ ሁሉ፣ እናቱና እህቱ ያሰሩት ሳይቀር፣ ፊቱ ላይ ተደቀነ። የባሰበት ግን የፈሪሃ ባዶ አንገት ነበር።

የደረሰው በሠርጉ ዕለት ነው። ሸዋ ሮቢት ሱቁ ጋ ቢጠይቅ ያ ክር ተሽጧል። ፈሪሃን ጓዳ አስጠርቶ፣ ዓይኗን ማየት አቅቶት፣ የሰማውን ሁሉ ነገራት።

«ያስመለስኩሽ ደህናውን ነበር። ያለ መርጃን ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ» አላት።

ፈሪሃ ግን «ከንፈርዎን ምን አገኘው፣ አጎቴ?» አለችው። ሙሄ ከንፈሩን በኩታው ጫፍ ሸፈነ።

ሊወስዷት የመጡት ሴቶች ሻሿን ገለጥ ሲያደርጉ አማቷ ባዶውን አንገት አየች።

«መርጃኗስ?»

ሁሉም በር ላይ ወደቆመው ሙሄ ዞሩ። መሬት መሬት እያየ አፉን ሊከፍት ሲል ፈሪሃ ቀደመችው።

«አጎቴ ስለ እኔ ባሕር ድረስ ወርደዋል» አለች ቀስ ብላ። «ከዚህ በላይ ምን ልሰር?»

ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሄ ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰው ዶቃ ይዞለት ሲመጣ «እኔ አላውቅም» ይላል። ሰዉም ባሕር ድረስ ወርዶ ሲያበቃ ትሕትናው ይገርማል ይለዋል።