እህቴ ያልጠበቀችው አንድ ቀን

የመጀመሪያው ምልክት የግራ ጉልበቷ ነበር። ከቦሌ ተቀብለናት ወደ አዳማ ስንወርድ እህቴ ፌቨን የኋላ ወንበር ላይ ሆና ጉልበቷን ታሽ ነበር። «ውስጡን ይጠዘጥዘኛል» አለች። አላበጠም፣ አልቆሰለም። ትንሽ ቆይታ ትከሻዋን ያዘች። በአውሮፕላኑ ወንበር ተጣጥፋ ስለመጣች መሰለን።

እኔ ስለ ጉልበቷ እያሰብኩ አልነበረም። በዚያው ቀን ከሰዓት አባታችንን ቀብረን ነበር። ከመቃብሩ በቀጥታ ነው እሷን ልንቀበል የሄድነው። እሷ ይህን አታውቅም። የምታውቀው አባዬ መታመሙን ብቻ ነው።

«የትኛው ሆስፒታል ነው የተኛው?» አለችኝ።

«ነገ ጠዋት እንወስድሻለን።»

«አሁን ለምን አንሄድም?»

መኪናውን የሚነዳው አጎታችን ጋሼ ደሬሳ «በዚህ ሰዓት ጠያቂ አያስገቡም» አላት። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ጉልበቷን ማሸቷን ግን አልተወችም።

ይህን የምጽፈው ባሕር ላይ የሚሠራ ሰው ላላቸው ቤተሰቦች ነው። ስሙን ሰምተው በማያውቁት ሕመም አልጋ አጠገብ ለተቀመጡም ነው። ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትንና ያደረግሁትን ነው የምናገረው።

ፌቨን በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። የተማረችው ስለ ዓሣና ስለ ውሃ ነው፤ ባቱ ሐይቁ ዳር ስትሠራ ቆይታ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ ሄደች። ሰፈሩ ስቆባታል። ጋሼ ደሬሳ «አንቺ ልጅ፣ እኛ ባሕር የለንም፤ የሰው ባሕር ልትጠብቂ ነው የምትሄጂው?» አላት። ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕድሜውን ሙሉ የጉምሩክ ሰነድ ሲያገላብጥ የኖረው አባዬ «ተዋት ትሂድ፣ ዓሣ ዲክላራሲዮን አይጠይቅም» ብሎ መለሰለት።

እዚያ የአየር ጋን አዝሎ መጥለቅ፣ ስኩባ የሚሉትን፣ ተማረች። የውሃው ሙቀት ጨምሮ ኮራል የሚሉት ድንጋይ መሰል የባሕር ፍጥረት ሞቶ ነበር። በሕይወት ያለውን እየቆራረጡ ባሕሩ ወለል ላይ በተተከለ የብረት ፍርግርግ ላይ ያስራሉ፣ እንደ ችግኝ። ጠዋት ጠዋት ሁለት ጊዜ ትጠልቃለች። ከሰዓት የባሕር አረም ከሚያለሙት ሴቶች ጋር ገመድ ስትቋጥር ትውላለች። የምታድረው ቢቢ መርየም በሚሏቸው ባልቴት ቤት ነበር። በስልክ ስናወራ ሴትየዋ ከኋላ በራሳቸው ቋንቋ ይጮኻሉ፤ ፌቨን «ወንድምሽ በልቷል ወይ ነው የሚሉት» ትለኛለች።

አባዬ የሞተው በልቡ ነው፣ ድንገት፣ ማታ እራት ላይ። በማግስቱ ለፌቨን የሚደውል ሰው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ አየ። ምን እንደምል ማንም አልነገረኝም። መንገር አያስፈልግም ነበር። የሞት ወሬ በሰው አገር ላለ ሰው በስልክ አይነገርም። ታሟል ይባላል። ሰውየው ይመጣል። ከዚያ ማለዳ ላይ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ያረዱታል። ቤተሰባችን ጴንጤ ነው፤ በዚህ ግን ከማንም አንለይም።

ስድስት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ጠልቃ ከወጣች ሁለት ሰዓት ሆኗት ነበር።

«አባዬን አሞታል» አልኳት።

«በጣም?»

«በጣም።»

«ነገ ማታ ብነሣ እደርስበታለሁ?»

«ዛሬ ነይ።»

ቀብሩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነበር። በምንም መንገድ አትደርስም። ታዲያ ለምን ዛሬ አልኳት? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ አታወራም። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እህቴን ፈለግኳት። ሌላ ምክንያት የለኝም።

በጀልባ ወደ ከተማው ተሻገረች። አሥር ሰዓት ላይ አውሮፕላን ተሳፈረች። አንድ ሰዓት ላይ ቦሌ ነበረች።

በማግስቱ ማለዳ በጋሼ ደሬሳ ቤት አረዷት። ጮኸች። ተነሥታ ሁለት እርምጃ ሄደችና ወደቀች። አነሷት። እንደገና ወደቀች። «ሐዘን ነው፣ አጥንት ይሰብራል» አሉ። ሁሉም ሰው እንዲህ አለ። እኔም አልኩ።

ሁለት ቀን ድንኳኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። እግሯ እየደነዘዘ ነበር። ከወገቧ በታች ጉንዳን የሚሄድባት ይመስላታል። ሽንቷ አልወርድ ብሏታል። ለማንም አልተናገረችም። በአባት ልቅሶ መሃል ስለ ሽንት እንዴት ይወራል?

በሦስተኛው ቀን አንዲት ዘመዳችን «እግሯ ተሳስሯል፤ ሶደሬ ውሰዷት፣ ፍል ውሃው ይፈታዋል» አለች። ለቁርጥማት፣ ለወገብ፣ ለነርቭ፣ አዳማ ያለ ሰው ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። ማንም አልተቃወመም። እኔና ጋሼ ደሬሳ ወሰድናት። ደግፈን ወደ ውሃው አስገባናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች።

«በቃኝ፣ አውጡኝ» አለች።

ተነሽ አልኳት። አልቻለችም። የሳቀች መስሎኝ ነበር። እያለቀሰች ነው። በክንዴ አቅፌ አወጣኋት። እግሮቿ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠሉ። አውራ ጣቷን ቆነጠጥኩት።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

ከሶደሬ በቀጥታ አዳማ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድናት። ለሽንቷ ካቴተር አስገቡላት። አንዱ ዲስክ ነው አለ። ሌላው የሕብለ ሰረሰር እብጠት ይሆናል አለ። ኤምአርአይ እንድትነሣና ስፔሻሊስት እንዲያያት ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈላት። አምቡላንሱ ቆሞ ሳለ አንዲት ወጣት ሐኪም ካርዷን ስታነብ ቆይታ ጠየቀቻት።

«ከመታመምሽ በፊት ምን ስትሠሪ ነበር?»

ይህን የጠየቃት የመጀመሪያዋ ሰው ናት።

«እጠልቅ ነበር።»

«ምን?»

«ባሕር ውስጥ። በስኩባ።»

«መጨረሻ ጠልቀሽ ከወጣሽ በስንት ሰዓትሽ ነው አውሮፕላን የተሳፈርሽው?»

«በስድስት ሰዓቴ።» ከዚያ ፌቨን ዓይኗን ጣሪያው ላይ አድርጋ እንዲህ አለች፦ «ሕጉን አውቀዋለሁ። ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቂ ተብያለሁ። አለቃዬም አትሂጂ ብሎኛል። አባዬ ግን የሚጠብቀኝ አልመሰለኝም።»

እኔ አልጋው እግርጌ ቆሜ ነበር።

ሐኪሟ ወደ እኛ ዞረች። «ዲኮምፕረሽን ሲክነስ ሊሆን ይችላል። አንብቤዋለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም» አለችን። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ናይትሮጅን ደም ውስጥ ይሟሟል፤ ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጊዜ ይፈልጋል። ሰውየው ቶሎ ከፍታ ላይ ከወጣ ግን ለስላሳ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። አረፋው የእህቴን ሕብለ ሰረሰር ጎድቶት ነበር።

በፌቨን ቦርሳ ውስጥ ወደ ደሴቷ የላካት ድርጅት የድንገተኛ ጊዜ ካርድ ነበር። ሐኪሟ ደወለች። የጠላቂዎች ሐኪም ከሆነ ሰው ጋር አገናኟት። እያዳመጠች ጻፈች፤ ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ በአገናኝ መንገዱ ሮጠች። «አምቡላንሱ እንዳይነሣ! አዲስ አበባ ከዚህ በብዙ ከፍ ይላል። አረፋው ይብስባታል። መውረድ ነው ያለባት፣ ወደ ታች!»

የሚያስፈልጋት ሃይፐርባሪክ ቻምበር ነው፤ አየር በግፊት እየተሞላ አረፋውን መልሶ የሚያሟሟ ዝግ ክፍል። በስልክ ያለው ሐኪም የሚያውቀውና ያለ አውሮፕላን የሚደረስበት ጅቡቲ ነበር። ጋሼ ደሬሳ ከሞጆ ጅቡቲ ኮንቴይነር ሲያመላልስ ነው ያረጀው። «መውረድ ከሆነ እኔን ጠይቁ፤ ጉድጓዱን ሁሉ በስም አውቀዋለሁ» አለ። በዚያ ሁሉ መሃል ሐኪሟ ሳቀች። በማግስቱ ንጋት ላይ ተነሣን። ፌቨን በጀርባዋ ተኝታ፣ ኦክስጅን በጭምብል። ጋሼ ደሬሳ ከሹፌሩ ጎን። እኔና ነርሱ ከእሷ ጋር።

መተሐራን አልፈን ወደ አዋሽ ስንቃረብ ጭምብሉን በእጇ ከፈት አደረገች።

«አቢ።»

«አቤት።»

«ስትደውልልኝ አባዬ ሞቶ ነበር?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«በዋዜማው ማታ።»

ዓይኗን ጨፈነች።

«ብትነግረኝ እጠብቅ ነበር።»

ነርሱ ጭምብሉን መለሰላት። ሙቀቱ እየጨመረ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት አላወራችም። ሰመራ አካባቢ «የግራ እግሬን ጣት ነዘረኝ» አለች። ለእኔ ሳይሆን ለነርሱ ነው የነገረችው።

ድንበሩ ላይ እኔ ቀረሁ። ፓስፖርት የለኝም። እሷ ፓስፖርቷ በእጇ ነበር፣ ድርጅቱም ፈቃዱን ጨርሶላታል። ጋሼ ደሬሳ በሹፌርነት መታወቂያው አብሯት ተሻገረ። ሌላ አምቡላንስ ወሰዳት። ወደ ኋላ አላየችም፤ ተኝታ ስለነበር ማየት አትችልም። እኔ ግን ይህን እንደ ቅጣት ቆጠርኩት።

የቀረውን በስልክ ነው የሰማሁት። «እንደ ነዳጅ ቦቴ ያለ ብረት ውስጥ ከተቷት» አለኝ ጋሼ ደሬሳ፤ «መስኮት አለው። እጄን አውለበልብላታለሁ፣ እሷ ምላስ ታወጣብኛለች።» የመጀመሪያው ቀን አምስት ሰዓት ያህል ቆየች። ከዚያ በየቀኑ ገባች። የጅቡቲው ሐኪም ለእሷም ለጋሼም በግልጽ ተናግሯል፦ «ዘግይታችኋል። የተወሰነው ይመለሳል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም።» ስለ ፍል ውሃው ጋሼ ሲጠይቀው ሊያባብሰው እንደሚችል፣ ባይገባም ኖሮ እግሯ ሊደክም ይችል እንደነበር፣ ይህን መለየት እንደማይቻል ነገረው። ብዙ ሰው አንድ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ አልሰጠንም።

ከሳምንታት በኋላ ሐኪሙ ወደ ከፍታው መመለስ ትችያለሽ ሲላት በዚያው መንገድ በመኪና ተመለሰች፤ መጀመሪያ በተሽከርካሪ ወንበር፣ ቀጥሎ በሁለት ክራንች፣ ከወራት ፊዚዮቴራፒ በኋላ ደግሞ በአንድ ከዘራ ከቤታችን በር እስከ ባጃጆቹ መቆሚያ ድረስ መሄድ ጀመረች፤ በየጠዋቱ ፀሐዩ ሳይበረታ እወስዳታለሁ፣ ባለ ባጃጆቹም ስሟን ለምደው «ፌቪ፣ ዛሬ ውድድር አለ?» እያሉ ይተርቧታል። ካቴተሩ ወጥቷል። ግራ እግሯ አሁንም ይጎተታል፤ ሲደክማት ይበልጥ ይጎተታል። ደግማ እንዳትጠልቅ ተከልክላለች። ይህን የሰማች ቀን ቀኑን ሙሉ በር ዘግታ ዋለች።

በእነዚያ የእግር ጉዞዎች ላይ ነው እንደገና ማውራት የጀመርነው። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አላለችኝም። ያለችኝ ሌላ ነው፦ «ብቻዬን ሆኜ እንዳልሰማ ብላችሁ ነው የዋሻችሁኝ። እዚያ ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ሴቶቹ ሁሉ ልቅሶ ይቀመጡልኝ ነበር። ቢቢ መርየም አባቴን በስሙ ነበር የሚጠሩት።» እኔ በደሴቷ ላይ እህቴ ብቻዋን የቆመች ይመስለኝ ነበር። በዙሪያዋ ሰው እንዳለ አስቤ አላውቅም። ቢቢ መርየም ሞቱን ሲሰሙ ለሦስት ቀን ባሕር እንዳልወረዱ የነገረችኝም ያኔ ነው።

ለዚያች ሐኪም ምስጋናዬ አያልቅም፤ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። ለነርሱም፣ ለጋሼ ደሬሳም። ከአምላክ በታች እነሱ ናቸው። የሚጠልቅ ሰው ያላችሁ፣ ሲታመም በመጀመሪያ ለሐኪሙ መጥለቁንና የበረረበትን ሰዓት ንገሩ፤ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ። ጉልበት ነው፣ ድካም ነው፣ ሐዘን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ፍል ውሃም ከሐኪም በኋላ ይደርሳል።

ሌላው ምክሬ ከባድ ነው። በቅርቡ የጎረቤታችን የእትዬ ዘነቡ ባለቤት አረፉ። ልጃቸው ሮቤል ዱባይ ሹፌር ነው፣ አብሮ አደጌ ነው። እትዬ ከልቅሶው መሃል አስጠሩኝ።

«አቢዬ፣ ደውልለትና አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና በለው።»

«እትዬ፣ እሱን አልልም። እውነቱን ከሆነ ልደውል።»

«አንተ! ልጄን በሰው አገር ልትገድለው ነው?»

ሴቶቹ አጉረመረሙ። እማዬ እንኳ ዓይኗን ከእኔ አዞረች። ፌቨን ከዘራዋን ይዛ ከፍራሹ ለመነሣት ታገለች፤ ጊዜ ወሰደባት። ከቆመች በኋላ «ይደውል፣ እትዬ» አለች።

ከድንኳኑ ውጭ ወጥቼ ደወልኩ።

«ሮቤል፣ እየነዳህ ነው?»

«አዎ፣ ምነው?»

«ዳር ያዝና አቁም።»

አቆመ። ከጎንህ ማን አለ አልኩት፤ ማንም የለም አለ። አብረውት የሚኖሩትን ልጆች ደውሎ እንዲጠራ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቀኝ፤ «ይምጡና እነግርሃለሁ፣ አልዋሽህም» አልኩት። እስኪደርሱ ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም። ሲደርሱ ነገርኩት።

እትዬ ዘነቡ እስካሁን ሰላምታዬን የሚመልሱት በግማሽ ነው። ሮቤል ያን ቀን አልነዳም። ጓደኞቹ አጠገቡ ተቀምጠው አደሩ፣ በማግስቱም እነሱው አሳፈሩት።