አባቴ ድር የዘረጋበት የመንገድ ችካል

በንጉሡ ዘመን ነው፤ እኔ ገና ጥርሴን አልለወጥሁም። ቡሬ ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሸማኔ ብቻ የሚኖርበት ሰፈር ነበረን። የክረምት ጭጋግ ሲወርድ ጎጆዎቻችን ከመሬት ተነቅለው የሚንሳፈፉ ይመስሉኝ ነበር።

ድር ማድራት ማለት ክሩን ከችካል ችካል እየዘረጉ መመላለስ ነው። ትልቅ ሥራ ለመጣለት ሸማኔ ጎረቤቶቹ ችካሉን ይተክሉለታል፤ ደንባችን ነው። አባቴ የሰርግ ኩታ ታዞ ነበርና፣ አንድ ጧት ብንወጣ ሜዳው ላይ አዲስ የተላገ ችካል ተደርድሮ አገኘን። የኛን ደጅ አልፎ እስከ አክስቴ ቤት ይዘልቃል።

"እግዜር ይስጣቸው፣ እንዴት አቅንተው ተክለውልኛል!" አለና ክሩን ዘረጋበት። እኔ ከኋላው። ነጩ ክር ጭጋጉ ውስጥ ይገባል፣ እኛም እንገባለን፤ የት እንደምንወጣ አላውቅም ነበር።

አክስቴ ከደጇ ሆና፣ "ወንድምዓለም፣ ሙሽራው ስንት ክንድ ነው? ጎጃምን ሁሉ ልታለብስ ነው እንዴ!" ትለዋለች።

ጭጋጉ ሲገለጥ ላንድሮቨር መጣ። ሁለት የመንገድ ቀያሾችና ጭቃ ሹሙ ወረዱ።

"አንተ ሸማኔ! ይኸ የመኪና መንገድ ምልክት ነው እኮ!" አለ ጭቃ ሹሙ።

"ጌታዬ፣ መስመሩ ቤቴን ይመታል።"

"አዎ፣ ቤትህ ይፈርሳል።"

"ከላይ ባዶ ሜዳ አለ አይደል?"

"እሱማ የባላባቱ ርስት ነው። ሸማኔ ምን ርስት አለው?"

አባቴ ክሩን በእጁ ዳሰሰ። "የተደራ ድር አይቆረጥም፤ እስክሰበስብ ይታገሡኝ" አለ። ቀያሾቹ መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡ። እንደዚያ ቀን ቀስ ብሎ ሲሰበስብ አይቼው አላውቅም።

ከመኸር በኋላ ቤታችን ፈረሰ። አክስቴ ከመንገዱ ወዲያ ቀረች፣ እኛ ወዲህ ጭንጫው ላይ ጎጆ ቀለስን። ሸማኔ ደግሞ እግሩን የሚያስገባበት ጉድጓድ ከሌለው አይሸምንም። ሦስት ቦታ ቆፈርን፣ ድንጋይ። አራተኛው ላይ ውሃ ፈለቀ።

"እንግዲህ ፍኖተ ሰላም ከዘመድ ቤት ጉድጓድ አላጣም" አለና አባቴ የሽመና መወርወሪያውን በጨርቅ ጠቀለለ። እናቴ ስንቁን አቀበለችው። ከሰፈራችን ሰው በዚያ መንገድ መጀመሪያ የሄደ እሱ ነው፤ ኮረት አራግፎ በሚመለስ መኪና ላይ ቆሞ፣ አቧራው እስኪውጠው ድረስ።