ጥቁር አዝሙድ ሲታመስ

ዛሬ ጠዋት፣ እዚህ ወልድያ፣ ጎረቤቴ ቅመም ስታምስ ሽታው በአጥሩ ዘልቆ ሲደርሰኝ፣ ሳላስበው ብድግ ብዬ ደጅ ወጥቻለሁ። ልጄ «ደግሞ የት ልትሄጂ ነው?» ትለኛለች። እኔስ የትነቱን መች አወቅኩት! ይኸው ስንት ዘመኔ፣ ቅመም በታመሰ ቁጥር መቀመጫ ይቆረቁረኛል።

እናቴ ዘይነብ መርሳ ውስጥ የሰርግ በርበሬ ቅመም የምታዘጋጅ ሴት ነበረች። እስላሙም ክርስቲያኑም ልጁን ሲድር ኮረሪማውን፣ ድንብላሉን፣ አዝሙዱን ቋጥሮ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ ከውርጌሳና ከግራና ሳይቀር ይመጡላት ነበር። አንድ ክረምት ግን ክፉ ጉንፋን ጥሏት ተነሳችና አፍንጫዋ ማሽተቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ የምንበላው ከዚያው ከቅመሙ ስለነበር፣ ወሬው ከወጣ አለቀልን።

ነጭ አዝሙድ ደግ ነው፤ ሲበስል መልኩ ስለሚለወጥ ዓይን ይበቃዋል። ጥቁር አዝሙድ ግን ጥሬውም ጥቁር፣ ያረረውም ጥቁር፤ ጉዱን የሚናገረው ለአፍንጫ ብቻ ነው። ስለዚህ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ቀዥቃዣ፣ ከጎኗ ቆሜ ሽታው ልክ ሲደርስ ቀሚሷን ጎተት አደርጋለሁ፤ እሷም ራሷ እንዳወቀችው ሁሉ «ቢስሚላህ» ብላ ከእሳቱ ታወርዳለች። ቅመም ያመጡት ሴቶች «ወይ የዘይነብ አፍንጫ!» ሲሉ እኔ ሳቄን በነጠላዬ አፍናለሁ።

የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ልጅ ልትዳር ሰሞን፣ ግቢያችን በሴቶች ሞልቶ፣ እናቴ ጥቁር አዝሙዱን ብረት ምጣዱ ላይ ገና ከማድረጓ፣ ብርቱካን የሚጭነው መኪና አስፋልቱ ዳር ሲቆም ሰማሁ። እግሬን ምን እንደነካው እንጃ፣ መለስ እላለሁ ብዬ ሹልክ አልኩ። ጫኞቹ የወረወሩልኝን ሁለት ብርቱካን በጥርሴ ልጬ፣ ግጬ ስመለስ፣ የእርር ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። እናቴ ፈገግ እንዳለች ታማስላለች። ሴቶቹ ይተያያሉ።

«አንቺ ዘይነብ፣ ኧረ አረረ! አፍንጫሽን ለማን አዋስሽው?» አሉ እትዬ የሺ፤ ሁሉም ሳቁ።

የእናቴ እጅ ቀጥ አለ። «ወላሂ የሺ፣ ከሄደ ሰነበተ» አለች ቀስ ብላ። ሳቁ ያኔ ቆመ።

ሴቶቹ ሲሄዱ ሁለት እጄን ይዛ «የት ነበርሽ ልጄ?» አለችኝ። ጣቶቼ በብርቱካን ልጣጭ ይጮሃሉ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ከሩቅ ያውቅብኝ ነበር። «ሆዴን አሞኝ ጓሮ ነበርኩ» አልኳት። እነዚያኑ ጣቶች አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ሳመቻቸውና «አብሽሪ፣ እኔ ነኝ ያላየሁሽ» አለችኝ።

ሁለተኛ ቅመም ቋጥሮ የመጣልን ሰርገኛ የለም። እናቴ ሰው ቤት እንጨት እየፈለጠች፣ ውኃ እየቀዳች አሳደገችኝ፤ እስክትሞትም ድረስ «ይቺ ልጅ ሆደ ደካማ ናት» እያለች ጤና አዳም ታፈላልኝ ነበር። ስንቴ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ በከፈትኩ ቁጥር ስኒውን አቀበለችኝ፤ ጠጣሁት።