በውሃ የማይለቅ ቅባት

ባለፈው ሰሞን እዚሁ ደብረ ማርቆስ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። አንድ ወጣት ሐኪም የደሜን ውጤት አገላብጦ ካየ በኋላ፣ «አባባ፣ ከእንግዲህ ቅባት ይቀንሱ» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ልጁ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ነው፤ ይህ ቃል በዚህ ምድር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። «ምን አሳቀዎት?» ቢለኝ፣ «አባቴ ትዝ ብሎኝ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር፤ ከክሊኒኩ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ግን ሳቁ አብሮኝ አልመጣም።

ቅባት በእኛ አገር ሁለት ነገር ነው። አንዱ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈው ነው። ሌላው የጥንት አባቶች ስለ ጌታ መቀባት የተከራከሩበት ትምህርት፣ በትምህርቱም ስም የሚጠራው ወገን ነው። ክርክሩን እኔ አልዳኘውም። ዕድሜያቸውን በጉባኤ ቤት የጨረሱ ሊቃውንት በተሟገቱበት ነገር ላይ፣ ዕድሜውን በጠመኔ የጨረሰ አስተማሪ ምን ይጨምርበታል? እኔ የማወራው ስለ መንደሬ ነው። በመንደሬ ክርክሩን አጥርቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስሙን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ በዚያ ስም መጠራትም እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር።

መንደራችን ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ ሲወጣ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ በኅዳር ጧት ሣሩ በውርጭ የሚነጣበት ደጋ። አባቴ የሚካኤል ማኅበር ሙሴ ነበር፤ ማኅበርተኛው አለቃውን ሙሴ ብሎ ነው የሚጠራው። የልብ ወዳጁ ደግሞ አያ ይግዛው ነበር። እርሻቸው ይዋሰናል፣ በሬ ያቀናጃሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ጎን ለጎን ነው የሚቆሙት። እኔን ክርስትና ያነሣኝ አያ ይግዛው ነው። ከጥምቀቱ ውሃ ተቀብሎ ያቀፈኝ፣ ከፍ ስልም ጸሎተ ሃይማኖትን ከብት እየጠበቅን ቃል በቃል ያስጠናኝ እሱ ነው። አያቱ ከወንዝ ማዶ የመጡ ሰው ነበሩ፤ የወንዝ ማዶ ሰዎች ደግሞ በዚያ ስም ይጠሩ ነበር። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያነሣውም። ሰው አብሮ የሚኖረው በሚያወራው ብቻ አይመስለኝም፤ አውቆ በሚተወውም ነው።

አባቴን የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነበር። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ገና ሳይዘልቀው አባቱ ሞቱና ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ሲናገር አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ ራሱ ሲሞክር ደግሞ ማንም አይስቅለትም።

ያን ኅዳር እኔ ደብረ ማርቆስ የመጨረሻውን ክፍል እማር ነበር። ለሚካኤል በጭነት መኪና እስከ ሮብ ገበያ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ቤቴ ገባሁ። ተራው የአያ ይግዛው ነበር። ክረምቱ ጠግቦ ስለ ነበር ላሞቹ ደህና ይታለባሉ፤ ጾመ ነቢያትም ሊገባ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ወይዘሮ ደብሬ ቤት ያፈራውን ቅቤ ሁሉ ወጡ ላይ አፍስሳዋለች። አያ ይግዛው በእሱና በአባቴ መካከል አስቀምጦኝ፣ «የነገ ማኅበርተኛ አይደለህ? ብላ» እያለ ያጎርሰኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ወጥ ከዚያ ወዲህ አልበላሁም፤ ወይም የበላሁት ሁሉ እንደዚያ አልጣመኝም።

ተበልቶ ሲያልቅ አያ ይግዛው ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ማስታጠቢያውን ይዞ ራሱ ሊያስታጥበን መጣ። በሙሴው ጀመረ። ውሃው የምንጭ ውሃ ነው፣ እጅ ይቆርጣል። ቅቤው ከብርዱ የተነሣ በአባቴ ጣቶች ላይ ረጋና አልወርድ አለ። አባቴ እያሸ፣ እየሳቀ፣

«ኧረ ይግዛው፣ የዚህ ቤት ቅባት በውሃ አይለቅም» አለ።

ከዚያ የደብሩ መሪጌታ ጭናቸውን መቱ።

«በውሃ አይለቅም! ጥምቀት እንኳ አያስለቅቀውም ማለትህ ነው። ተቀኘህ እኮ፣ አንተ ሰው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አባቴን አየሁት። ምን እንዳለ አላወቀም ነበር። ግራ ገብቶት መሪጌታን አየ፣ ቀጥሎ የራሱን እጅ አየ፣ ከዚያ ገባው። ሲገባው ደነገጠ፤ ይህንን እመሰክርለታለሁ። ነገር ግን ሰዎቹ እየሳቁለት ነበር፤ ሊቁ ተቀኘህ ብለውታል። ፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ፈገግታ መጣ። አባቴ ብዙ ደግ ነገር አድርጎልኛል፤ ያንን ፈገግታ ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አያ ይግዛው ማስታጠቢያውን መሬት አስቀመጠ።

«ወርቁ ደርሶኛል» አለ። «እኔ የማምነው እናንተ የምታምኑትን ነው። የተጠራጠረ ይስማኝ።»

ፎጣው ትከሻው ላይ እንዳለ ቆሞ ጸሎተ ሃይማኖትን ጀመረ። ከጓዳ የሚስቱ ድምፅ ተቀበለው። እኔም ተነሥቼ አብሬ አልኩ፤ አባቴ ጋቢዬን ይዞ ቢጎትተኝም አልተቀመጥኩም። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ያንኑ ጸሎት በየቀኑ የሚደግም ነው፤ ያን ቀን ግን አብሮ ማለት ወገን መያዝ መሰለውና አቀርቅሮ ሞሰቡን አየ። ተዋሕዶ ማለት አንድ መሆን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኛ አንድ አፍ ሆነን የምንለውን ጸሎት አንድ ሰው ተከሳሽ ሆኖ እንዲለው ፈረድንበት። ቀጣዩ ተራ የእኛ ስለ ነበር አያ ይግዛው ጽዋውን በሁለት እጁ ለአባቴ አስረከበው። ሲቀባበሉ አልተያዩም።

ቤት እንደገባን እናቴ ያዘችው።

«አንቱ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«ቅቤውን ነዋ። እጄ ላይ ረጋብኝ።»

«ታዲያ አሁኑኑ ሄደው ይንገሩት።»

«ማን ያምነኛል?» አለ አባቴ። «ደግሞ መሪጌታ በሰው ፊት አመስግነውኝ፣ አይ ወጡን ነው ብዬ መሳቂያ ልሁን?» አለ።

እናቴ፣ «ሐሳብዎን ይሰሩት። ያልታሰረ ጥጃ ወተቱን ሁሉ ጠብቶ ነው የሚያድር» አለችው። አልሰማትም።

በማግስቱ እኔው አያ ይግዛው ዘንድ ሄድኩ። አጥሩን ሲጠግን አገኘሁትና አባቴ ያለውን ነገርኩት። ሰማኝ፤ ጉንጬን ሳመኝ።

«አንተ ይህን የምትለው ልታስታርቅ ነው፣ የኔ ልጅ። ሽማግሌ አልፈልግም፣ ካሣ አልፈልግም። እሱ ራሱ ‹ቅቤ ማለቴ ነው› ይበለኝና በቃ፤ አምነዋለሁ።»

ቃሉን ለአባቴ አደረስኩ። «ይመጣል፣ ይበርድለታል» ብሎ ሞፈሩን አነሣ።

ካህናቱ ሐሳባችሁን ጠብቁ፣ ክፉ ቃል ከክፉ ሐሳብ ይወለዳል ይሉናል። ልክ ናቸው። በእኛ ቤት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ቃሉ ያለ ሐሳብ ወጣ፣ ሐሳቡ ከቃሉ ተወለደ። አባቴ ምስጋናውን ከበላ በኋላ ምስጋናው እውነት እንዲሆንለት ያስፈልገው ነበር። በገና ዕረፍት ስመጣ «ለነገሩ አያቱ...» ማለት ጀምሯል። በፋሲካ ስመጣ አያ ይግዛው እንዴት እንደሚያማትብ ሳይቀር አጥንቶ ይተች ነበር። ማኅበሩም ለሁለት ተከፈለ፤ አንድ ሚካኤል፣ ሁለት ጽዋ። ስለ እኔም «ሌላ የክርስትና አባት ይፈለግለት» ተባለ። «ውሃው ውስጥ ልትመልሱኝ ትችላላችሁ?» ብዬ እምቢ አልኩ።

ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ ሲያዝ ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ይነሣል። ከዓመት ዓመት እነዚያ ሁለት ሰዎች እጅ ሲነሣሡ እያየሁ ነው ያደግሁት። የዚያን ፋሲካ ሰሞን አባቴ ወደ ቀኙ ብቻ ዞረ። አያ ይግዛው ለጀርባው እጅ ነሣ። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አላየሁትም። ወንዙን ተሻግሮ በአያቱ አገር ያስቀድስ ጀመር፤ ሌላ የሚሄድበት አልነበረውማ። መንደሩም እፎይ ብሎ፣ «አላልንም?» አለ። ወንዙን ያሻገሩት ራሳቸው ናቸው።

አያ ይግዛው ሲሞት እኔ አማኑኤል ከተማ አስተምር ነበር። መርዶው ደርሶኝ ለቀብሩ ወንዙን ተሻገርኩ። አባቴ ብርድ መትቶኛል ብሎ ቀረ። ወይዘሮ ደብሬ አቅፋኝ አለቀሰችና፣ «አባትህስ?» አለችኝ።

«አሞታል።»

«ይማረው። ሟቹ በሕይወት ሳለ ውሻ በጮኸ ቁጥር ‹እስቲ እዪ፣ እሱ እንዳይሆን› ይለኝ ነበር» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ያ ሰው ማንም ያልሰደበውን ስድብ ተሸክሞ፣ አንድ ቀላል ነገር ሲጠብቅ ሞተ። አባቴ ከዚያም በኋላ ብዙ ኖረ፤ ወጥ ሲቀርብለት እጁን እንደታጠበ ፎጣ ላይ እያሸ፣ እያሸ ይቆይ ነበር እንጂ ስለዚያ ቀን አንድም ነገር አላለም።

የዛሬ ልጆች ይህንኑ ክርክር በስልካቸው ይዘውታል። በየመንደሩ ያለው መሪጌታና ያለው ሳቅ አልበቃ ብሎ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ስድብ ይቀባበላሉ። ሁሉም ቤተ ክርስቲያንን ለመጠበቅ ነው የሚሉት። እኔ ስሰማቸው ከመካከላቸው በስንቱ እጅ ላይ የነበረው የረጋ ቅቤ ብቻ ይሆን እላለሁ። ደግሞም እናደዳለሁ፤ ያረጀ ሰው ንዴት ለማንም አይጠቅምም።

ከክሊኒክ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ቅቤ ቀንስ አለኝ።»

«ቅባት ነው ያለህ ወይስ ቅቤ?» አለችኝ፤ እሷም የዚሁ አገር ሰው ናት።

«ቅቤ ማለቱ ነው» አልኳት።