ዘፈን ውስጥ የገባችው ልጄ

የሕፃን ለቅሶ እንዴት ዘፈን ይሆናል? እስካሁን አልገባኝም።

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚኒባስ ስንሄድ ልጄ ሐያት አልቅሳ አልቅሳ ሰው አስመረረች። ሐኪም አይቷት ደህና ናት ቢለኝም፣ ባለቀሰች ቁጥር ያመማት እየመሰለኝ እፈራለሁ።

"ኧረ ዝም አሰኚያት! ጆሯችንን አደነቆረችው!" አሉኝ አንድ ሴትዮ ከኋላ። በሀፍረት ላብ አጠመቀኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ፀጉሯን አረንጓዴ የተቀባች ወጣት ግን ስልኳን ወደ ሐያት አፍ አስጠጋች።

"ምን አየሽባት? ታማለች እንዴ?" አልኳት ደንግጬ።

"ኧረ ጤነኛ ናት! እኔ ዘፋኝ ነኝ። ከባንዴ ወጥቼ የመጀመሪያ አልበሜን ብቻዬን እየሠራሁ ነው። የወፍጮ ድምፅ ሁሉ አለበት። የሷንም ልጨምር?"

የቀለደች መስሎኝ "ይሁን" ብዬ ስልክ ቁጥሬን ሰጠኋት።

በቀደም ሐያትን ታቅፌ በተሳፈርኩበት የወልድያ ባጃጅ ውስጥ ወፍጮ የሚንጓጓበት ዘፈን ተከፈተ። ተከትሎ የሐያቴ ለቅሶ መጣ! ከጎኔ ያሉት ሴትዮ ራሳቸውን እየነቀነቁ አብረው "እንጓ፣ እንጓ" ይላሉ። ዞር ብዬ ሳያቸው የሚኒባሷ ሴትዮ ናቸው።

"እማማ፣ የምታለቅሰው እቺው የኔ ልጅ እኮ ናት!" አልኩ ጮክ ብዬ።

"ወላሂ? ምን የመሰለ ድምፅ ሰጥቷታል!" ብለው ሳሟት።

አሁን ዘፋኟ ደውላ፣ መድረክ ላይ ይዘሻት ውጪ ብላኛለች። ሐያት ግን ያን ዘፈን ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አታለቅስም። በምን ላስለቅሳት? እስቲ ምከሩኝ።